ሰር ሳሙኤል ቤከርና የሶፊ ዱር

በታሪክና በመልክዐ ምድር መጻሕፍት ውስጥ የሰር ሳሙኤል ቤከር ስም የሚነሣው በ1864 ዓ.ም. የአልበርትን ሐይቅ በማየቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ኹሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) በትምህርት ቤት ስለ ነጭ ዐባይ ምንጭ በሚነገርበት ጊዜ ከስፒክና ከግራንት ቀጥሎ ስሙ ይጠራል፤ ወዲያውም ወደ ሌላ ነገር ይታለፋል። ነገር ግን ይህ ሰው ወደ ሐይቁ ከመኼዱ አስቀድሞ አንድ ዓመት ያህል የኖረው በኢትዮጵያና በሱዳን ጠረፍ፥ በገዳሪፍና በሰቲት አካባቢ በነበረው ዱር ነው። ለኢትዮጵያ መምህር ከሐይቁ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ዓመት ነው፤ ወንዞቹ ከጎንደርና ከትግራይ ተራሮች የሚወርዱ፥ ዱሩም ከመተማና ከሑመራ ቈላ ጋራ የተያያዘ ነበረና።

ቤከር ጁን 8 ቀን 1821 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ በጃማይካና በሞሪሸስ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የነበረው ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ። ልጁ ግን ከመዝገብና ከሒሳብ ይልቅ ጫካና ጠመንጃ የሚወድ ኾነ። በ1843 ዓ.ም. ሄንሪየታ ማርቲን የተባለችውን የቄስ ልጅ አገባ፤ ከዚያም ወደ ሞሪሸስ ኼዶ በአባቱ እርሻ ጥቂት ጊዜ ሠራ። ከሞሪሸስም ለዐደን ወደ ሴይሎን ደሴት፥ ዛሬ ስሪ ላንካ ወደምትባለው አገር ተሻገረ።

በሴይሎን ተራራ ላይ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ኑወረ ኤልያ የሚባል ቀዝቃዛ ስፍራ አለ። ቤከር የቈላ ንዳድ ይዞት ለማገገም ወደዚያ ወጣ። አየሩ ስለ ተስማማው በ1848 ዓ.ም. መሬት ገዝቶ ከወንድሙ ጋራ የእንግሊዝ መንደር ሊያቋቁምበት ተነሣ። ከአገሩ ገበሬና አንጥረኛ፥ ላምና በግ፥ የእርሻ መሣሪያና የዐደን ውሾች በመርከብ አስጭኖ አመጣ። ዛፉን እየቈረጠ ሥሩንም እየነቀለ እርሻ አወጣ። እንዲህ ያለ ትልቅ ዛፍ የሚያበቅል ምድር እህልም ያለ ብዙ ድካም ያበቅላል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ግምቱ ግን ስሕተት ኾነ። ዛፉን ሲመግበው የኖረው የራሱ የዛፉ ቅጠልና ብስባሽ ነበር። ጫካው በወደቀ ጊዜ ከሥሩ የተገኘው አፈር ፍግ ካልጨመሩበት በቀር ድንች እንኳ በደንብ የማይወጣበት ደካማ አፈር ነበረ። የበቀለውንም ትልና የዱር አራዊት ፈጁበት። ብዙ ገንዘብና ብዙ ፍግ ካፈሰሰበት በኋላ ነገሩ ተቃናለት። የእርሻ ትምህርት የሚያስተምር መምህር ይህን ታሪክ ቢያውቀው ደን ከተመነጠረ በኋላ አፈሩ ምን እንደሚኾን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያሻውም።

ቤከር በዚያ ደሴት ስምንት ዓመት ያህል ኖረ፤ እጅግ ብዙ ዝሆን ገደለ፥ ስለ ዐደንና ስለ አገሩም ኹለት መጻሕፍት ጻፈ። በሆርተን ሜዳ ያለው ፏፏቴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1855 ዓ.ም. ጤናው ስለ ታወከ ወደ ኤውሮጳ ተመለሰ። ሚስቱም በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር ሞተችበት። አራት ሴቶች ልጆቹን ለእኅቱ ዐደራ ሰጥቶ በኤውሮጳ ምሥራቅ ይዘዋወር ጀመር። በ1859 ዓ.ም. በዳኑብ ወንዝ ዳር፥ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በምትገኘው በቪዲን ከተማ፥ ለባርነት ልትሸጥ የነበረች አንዲት ወጣት ከዚያ ዕጣ አወጣት። ፍሎረንስ ትባላለች፤ ትውልዷ ከትራንሲልቫኒያ ነው፤ ወገኖቿ በ1848ና በ1849 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት አልቀውባት ነበር። ከዚያ ቀን ዠምሮ እስኪሞት ድረስ አልተለየችውም፤ ቤከር ከሠራው ሥራ ኹሉ ግማሹ የእርሷ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በ1861 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ኹለቱ ከካይሮ ተነሥተው የዐባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ደቡብ ጕዞ ጀመሩ። ቤከር በቀጥታ ወደ ነጭ ዐባይ መኼድ ይችል ነበር። ዐረብኛ ስለማያውቅ ግን አስተርጓሚ የፈለገውን እያጣመመ የሚነግረው ኾነ፤ ስለዚህ መዠመሪያውን ዓመት ከኢትዮጵያ በሚወርዱት ወንዞች ዳር ተቀምጦ ቋንቋውን ሊማር፥ የወንዞቹንም ጠባይ ሊመረምር ቈረጠ። ሩቅ መንገድ ለመኼድ የተነሣ ሰው እንዲህ ያለ ትዕግሥት ሲኖረው ብዙ ጊዜ አይታይም። የኋላ ሥራው የተቃናለትም በዚህ ትዕግሥት ነው።

በጁን ወር ወደ አትባራ ወንዝ በደረሰ ጊዜ ወንዙ ደርቆ ነበር። በኢትዮጵያ ጓንግ ተብሎ የሚነሣው ይህ ወንዝ በበጋ ወራት አሸዋ ብቻ ኾኖ ይቀራል፤ በአሸዋው መካከል እዚህም እዚያም ጥልቅ ኩሬዎች ይኖራሉ። ጉማሬውና አዞው፥ ዓሣውና ኤሊው በእነዚያ ኩሬዎች ተጨናንቀው ዝናቡን ይጠብቃሉ፤ የበረሓ ወፎችና ሚዳቋዎችም ለመጠጣት ወደዚያው ይወርዳሉ። ጁን 23 ቀን ሌሊት፥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፥ ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ዐረቦች ወንዙ መጣ እያሉ እየጮኹ ወደ ዳር ሸሹ። በነጋ ጊዜ ትናንት በእግር የሚሻገሩት አሸዋ 450 ሜትር ያህል ስፋትና ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ጥልቀት ያለው ድፍርስ ወንዝ ኾኖ ታየ። በዚያ በረሓ አንድ ጠብታ አልዘነበም፤ ውሃው የመጣው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነበረ። ቤከር ስለ ዐባይ ሙላትና ስለ ግብጽ አፈር ያገኘው ዕውቀት ኹሉ የተነሣው ከዚያች ሌሊት ነው። የውሃውን ቀለም አይቶ፥ ከጫፍ እየተናደ ከነዛፉ የሚወርደውን ዳርቻ ተመልክቶ፥ ነጭ ዐባይ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚሰጥ፥ ጥቍር ዐባይና አትባራ ግን ሙላቱንና ደለሉን የሚያወርዱ መኾናቸውን ተረዳ። ዛሬ ይህን ነገር የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን በዐይኑ አይቶ ያረጋገጠው ሰው ብርቅ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ወደ ከሰላ ኼደ፤ ዝናቡም በረታ። በመንገዱ ላይ የሹክሪያ ዐረቦች ታላቅ ሼኽ የኾነውን አሕመድ አቡ ሲንን አገኘ። ይህ ሽማግሌ ዕድሜው የገፋ፥ በግመሉ ላይ ግን እንደ ወጣት ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነበረና እንግዶቹን በታላቅ ክብር ተቀበላቸው። ገዳሪፍ በዚያ ዘመን ሱቅ አቡ ሲን፥ ማለት የአቡ ሲን ገበያ፥ ተብላ የምትጠራው በዚሁ ቤተ ሰብ ስም ነበረ። ቤከር ኋላ ገዳሪፍንም አይቷል። በዙሪያዋ ያለው ጥቍር መረሬ መሬት ለማሽላና ለጥጥ እጅግ የተመቸ መኾኑን፥ የጐደለው ወደ ባሕር የሚያደርስ መጓጓዣ ብቻ መኾኑን ጽፏል። ይህን ቃሉን አንባቢ ቢያስታውሰው መልካም ነው፤ ወደ ኋላ ይመለሳልና።

በኦገስት ወር መዠመሪያ ሶፊ ከምትባል መንደር ደረሱ። ሶፊ ሰቲት፥ በኢትዮጵያ ተከዜ የሚባለው፥ ከአትባራ ጋራ ከሚገጥምበት ስፍራ የማትርቅ፥ ጥቂት የሣር ጎጆዎች ያሉባት የጃዓሊን ዐረቦች መንደር ነበረች። የተቈረቈረችው ከወንዙ ሸለቆ በላይ በተንጣለለ ደልዳላ ሜዳ ጫፍ ላይ ነው። ከበታቿ ገደሉና ወንዙ፥ ከወንዙ ማዶ እስከ ዐይን መድረሻ ሣርና ግራር ይታያል። በዝናብ ወራት መሬቱ ጭቃ ስለሚኾንና ግመል ስለማይኼድበት ከዚያ ወዲያ መጓዝ አልተቻለም። ድንኳናቸውም በዝናቡ በስብሶ ነበርና ቤከር በዐሥር ቅርሽ አንድ ጎጆ ገዛ። ጎጆው የቆመበት ስፍራ ግን አልወደደውም፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ክዳኑን እንዳለ አንሥተው በራሳቸው ተሸክመው እርሱ ወደ መረጠው ቦታ ወሰዱለት። በገጠር ያደገ መምህር ይህን ዓይነት የጎጆ ክዳን ጕዞ ሳያይ አልቀረም፤ ለእንግሊዛዊው ግን ቤት ገዝቶ በእግሩ ሲኼድ ማየት ትልቅ ትንግርት ነበረ።

ቤቱ በቆመ ጊዜ ዙሪያውን በእሾኽ አጥር አስከበረው። ፍሎረንስ ውስጡን አሰናዳች፤ ጠረጴዛውና መጻሕፍቱ፥ ጠመንጃዎቹና የሩቅ ማያ መነጽሩ በየስፍራቸው ተቀመጡ። ባሏ በዱር ውስጥ የሚለብሰውን የጥጥ ልብስ በእጇ ሰፋች፤ ነጭ ልብስ አውሬን ስለሚያስበረግግ በግራር ፍሬ ጭማቂ እየነከሩ የእንጨት ቅርፊት እንዲመስል አደረጉት። እንዲህ ኾኖ በዱር መካከል የራስ የኾነ ትንሽ ቦታ፥ ለእርሻ ሳይኾን ለዕረፍትና አራዊትን ለማየት የተያዘ ቦታ ተገኘ። ቤከር በሕይወቱ ከኖረባቸው ቤቶች ኹሉ በርካሹ የተገዛው ይህ ነው፤ በጽሑፉ ግን ከብዙዎቹ ይልቅ በፍቅር ያነሣዋል። በሴይሎን ሺሕ ጊዜ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥቶ ጫካውን ከቤቱ አባረረ፤ በሶፊ ግን ምንም ሳይቈርጥ ቤቱን ወደ ጫካው አስገባ።

በሶፊ ሦስት ወር ያህል ተቀመጡ። ጧት ጧት ቤከር በገደሉ ጫፍ ተቀምጦ በመነጽሩ ወንዝ ማዶ ይመለከት ነበር። በዝናብ ወራት በቈላው ከብትንም አውሬንም የሚያሠቃይ ተናዳፊ ዝንብ ይነሣል፤ አራዊቱም ዝንቡን ሸሽተው ወደ ሰሜን፥ መሬቱ ወደ ደረቀበት ወደ ሶፊ አንጻር ይመጣሉ። ቀጭኔዎች በመንጋ ኾነው ከግራሩ በላይ ራሳቸውን ብቅ አድርገው ሲታዩ ለብዙ ሰዓት ዐይኑን አይነቅልም ነበር። ወንዙ ስለ ሞላ ሊደርስባቸው አልቻለም። እነዚያ ያለ ጥይት ያለፉ ሰዓቶች በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ ካማሩት ገጾች መካከል ናቸው። አንባቢ ግን ቶሎ ባይደሰት ይሻላል፤ መሻገሪያ በተገኘ ጊዜ ቤከር ቀጭኔዎቹን ተሻግሮ ገደለ። ለመሻገሪያም የገላ መታጠቢያ ገንዳውን ከጠፍር አልጋ ጋራ አስሮ፥ የተነፋ አቁማዳ ከሥሩ አድርጎ፥ እንደ ታንኳ ተጠቀመበት። ኋላ ሰፈሩን ወደ ማዶ ባዛወረ ጊዜ ፍሎረንስም የተሻገረችው በዚሁ ገንዳ ነው።

በመንደሩ አጠገብ ፍሎሪያን የሚባል ጀርመናዊ የድንጋይ ጠራቢ ዮሐን ሽሚት ከሚባል አናጢ ጓደኛው ጋራ ይኖር ነበር። ኹለቱም እያደኑ የጉማሬ ቆዳና የዱር አራዊት ልጆች በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። ፍሎሪያንን ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንበሳ ገደለው፤ ሽሚትም ከቤከር ጋራ ወደ ነጭ ዐባይ ሲጓዝ በ1862 ዓ.ም. መጨረሻ በመንገድ ላይ በሕመም ሞተ። ከሶፊ ዱር ለመኖር የሞከሩት ኤውሮጳውያን ዕጣ ይህን ይመስላል።

ከወንዝ ማዶ ያለው አገር ለምን እንዲህ አውሬ እንደ በዛበት ቤከር ጠይቆ ተረድቷል፤ ምክንያቱም የሚያሳዝን ነው። በ1822 ዓ.ም. የሸንዲው ገዥ መክ ኒምር የግብጹን ገዥ የመሐመድ ዐሊን ልጅ እስማኤል ፓሻን ከነአጃቢዎቹ በእሳት አቃጥሎ ገደለው። የግብጽ ጦር በብዙ ሺሕ ሰው ላይ ብድሩን ሲመልስ መክ ኒምር ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሸሸ። ልጁም በአባቱ ፈንታ ከአንገረብና ከሰላም ወንዞች በላይ ባለው አምባ ተቀምጦ በግብጽ ግዛት ያሉትን መንደሮች ይወር ነበር። ግብጾችም በበኩላቸው ይዘምቱበታል፤ ከሌላው ወገንም የባዜ ሰዎች እየወረዱ ይዘርፋሉ። ስለዚህ በሰቲትና በአንገረብ መካከል ያለው መልካም ምድር ሰው አልባ ኾኖ ቀርቶ ነበር። አትባራን ወደ ማዶ የሚሻገር እረኛ አልነበረም። ዝሆኑንና አውራሪሱን፥ ጎሹንና ቀጭኔውን፥ ቆርኬውንና ሰጎኑን ያኖራቸው የሰው ፍርሃት ነው። ያ ዱር ባለቤት አልነበረውም ከማለት ይልቅ ባለቤቱ ጦርነት ነበረ ማለት ይቀላል።

ዝናቡ ባቆመ ጊዜ ቤከር ቤቱን ትቶ ወደዚህ ሰው አልባ አገር ገባ። መሪዎቹ ሐምራን የሚባሉት የሰቲት ዐረቦች ናቸው። ሐምራኖች ዝሆንን የሚያድኑት በጠመንጃ አልነበረም፤ በፈረስ ኾነው በሰይፍ ያድኑታል። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት እየሸሸ ሲያስቈጣው ሌላው ከኋላው ደርሶ ከፈረሱ ዘሎ በመውረድ በኹለት እጁ በያዘው ሰይፍ ቋንጃውን ይቈርጠዋል። ፈረሱ ቢደናቀፍ ወይም እጅ ቢስት መዳኛ የለም። ከእነርሱ መካከል ስመ ጥሩው ጣህር ሸሪፍ የሚባለው ነበረ። ቤከር ራሱ ትልቅ ጥይት የሚተፋ፥ ዐረቦቹ የመድፍ ልጅ ብለው የሰየሙት ከባድ ጠመንጃ ይዞ ሳለ፥ በእነዚህ ሰዎች ፊት የራሱን ጀግንነት ትንሽ አድርጎ አየው። ስለ ሌላው ሕዝብ በንቀት የጻፈበት ብዙ ቦታ አለ፤ ዛሬ የሚያነበው ሰው ያፍርለታል። ስለ ሐምራኖች በጻፈው ግን ንቀት የለበትም። መጽሐፉንም በ1867 ዓ.ም. ሲያሳትም በአርእስቱ ላይ ስማቸውን ከኢትዮጵያ ወንዞች ጋራ አብሮ አስገባ።

በእነዚያ ወራት ስንት አውሬ እንደ ወደቀ መጽሐፉ እየቈጠረ ይነግራል። ጉማሬ በተገደለ ጊዜ መንደርተኛው ቢላዋውን ይዞ ይሰበሰባል፤ ሥጋው ይበላል፥ ቆዳው ጅራፍ ይኾናል፥ የአውራሪስና የቀጭኔ ቆዳ ለጋሻ ይውላል። በዚህ በኩል የባከነ ነገር ብዙ አልነበረም። ኾኖም ቤከር ከሚበላው በላይ እንደ ገደለ ራሱም አልሸሸገም። በሶፊ ሳለ ከገደሉ ጫፍ ያየው ቤከርና በሰቲት ዳር የተኰሰው ቤከር አንድ ሰው ናቸው፤ አጥሩን ያጠረው ለቤቱ እንጂ ለዱሩ አልነበረም። ይህ ግን የእርሱ ብቻ ጥፋት አይደለም። በዚያ ዘመን በኤውሮጳም ኾነ በኢትዮጵያ ዝሆን ገዳይ ይሾማል፥ ይሸለማል፥ ይዘፈንለታል እንጂ የሚወቅሰው አልነበረም። በኢትዮጵያ ዛፍና አውሬ ያለ ስጋት የሚኖርበት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነበረ፤ ቤከር ግን በዚያን ዓመት ደጋውን አልወጣም፥ ይህንንም አላየም።

ከሐምራኖች ከተለየ በኋላ መክ ኒምርን ጐበኘ፥ ወዳጅም ኾነ። ከዚያም ወደ ገላባትና መተማ ወረደ። በዚያ ያለው ገበያ በተክሩር ሰዎች ሼኽ ይተዳደር ነበር፤ ሼኹም ለኢትዮጵያም ለግብጽም እየገበረ በኹለት ጌቶች መካከል ይኖራል። ቡናና ሰም፥ ጥጥና የዝሆን ጥርስ፥ እንዲሁም ባሮች ይሸጡበት ነበር። ቤከር ዓፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን እዚያ ሲደርስ ወደ ጎንደር መውጣት ይችል ነበር፤ ዐሳቡ ግን ከነጭ ዐባይ ላይ ስለ ነበረ በራሃድና በዲንደር ወንዞች በኩል አድርጎ በጁን ወር 1862 ዓ.ም. ካርቱም ገባ። ዐረብኛውን ተምሯል፥ ወንዞቹንም መርምሯል።

የቀረው የሕይወቱ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት የታወቀ ስለ ኾነ በአጭሩ ይታለፋል። ከፍሎረንስ ጋራ በታላቅ ሥቃይ ተጕዞ በማርች 14 ቀን 1864 ዓ.ም. የአልበርትን ሐይቅ አየ። በ1865 ዓ.ም. ለንደን ተመልሰው በሕግ ተጋቡ፤ በ1866 ዓ.ም. የሰርነት ማዕርግ አገኘ። ከ1869 እስከ 1873 ዓ.ም. በግብጹ ገዥ በእስማኤል ተሹሞ፥ ፓሻ ተብሎ፥ የባሪያ ንግድን ለማጥፋትና ግዛቱን ለማስፋት በነጭ ዐባይ ላይ ዘመተ። ይህ ዘመቻ የተደባለቀ ፍሬ አፈራ፤ የባሪያ ነጋዴዎቹን ለጊዜው አስደነገጠ፥ በአገሬው ላይ ግን ብዙ ደም አፈሰሰ።

ከሶፊ ዱር የወጣ አንድ ፍጡር ከቤከር ይልቅ በዓለም ዝነኛ ኾኗል። በ1862 ዓ.ም. አካባቢ ጣህር ሸሪፍና ዮሐን ሽሚት በዚያ ጠረፍ እናቱ የተገደለችበትን አንድ የዝሆን ግልገል እንደ ያዙ ይነገራል። ሎሬንዞ ካዛኖቫ የሚባል ኢጣልያዊ የአራዊት ነጋዴ ገዝቶ ወደ ኤውሮጳ ወሰደው። ግልገሉ በመዠመሪያ በፓሪስ፥ ከ1865 ዓ.ም. ዠምሮም በለንደን የአራዊት ማኖሪያ ኖረ፤ ጃምቦ ተብሎ ተሰየመ። የእንግሊዝ ልጆች በጀርባው እየተቀመጡ አደጉ። በ1882 ዓ.ም. ባርነም ለሚባል አሜሪካዊ የሰርከስ ባለቤት ተሸጠ፤ በ1885 ዓ.ም. በካናዳ ባቡር ገጭቶ ገደለው። ካዛኖቫና ሌሎች ነጋዴዎች ከከሰላ በኩል ብዙ ቀጭኔ፥ አውራሪስና ዝሆን በሕይወታቸው እየነዱ ወደ ሱዋኪን ያወርዱ ነበር፤ አንድ ግልገል ለመያዝ እናቲቱን መግደል ልማድ ስለ ነበረ ከተሸጠው ይልቅ የሞተው ይበዛል።

ቤከር በ1870ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በዴቨን፥ በኒውተን አቦት ከተማ አጠገብ፥ ሳንድፎርድ ኦርሌይ የሚባለውን ቤት ከነግቢው ገዝቶ ተቀመጠ። ክረምት ሲመጣ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ለዐደን ይኼዳል፤ ሲመለስም ይጽፋል። በ1890 ዓ.ም. ስለ ዱር አራዊትና ስለ ጠባያቸው ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ በእርጅናው መጽሐፍ ውስጥ አውሬውን ከመግደል ይልቅ ጠባዩን የማወቅ ፍላጎት ጎልቶ ይታያል፤ የዝሆኑን ብልሃትና የአንበሳውን አካሄድ ሲተርክ በሶፊ ገደል ጫፍ የተቀመጠውን ሰው ያስታውሳል። ዲሴምበር 30 ቀን 1893 ዓ.ም. በዚያው ቤት ሞተ። ፍሎረንስ እስከ 1916 ዓ.ም. ድረስ በቤቱ ኖራ ከእርሱ ጎን ተቀበረች።

ያየው ዱር ግን ብዙ አልቈየም። በ1880ዎቹ በመሐዲስቶችና በኢትዮጵያ መካከል የተደረገው ጦርነት ጠረፉን አጠፋው፤ ዓፄ ዮሐንስ በ1889 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ። በዚያው ዘመን የመጣው የከብት እልቂት ላሙንም ጎሹንም ፈጀ፤ ረኃቡም በኹለቱም አገር ሕዝቡን ጨረሰ። ሰላም በመጣ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ከባሕር ተነሥቶ በ1928 ዓ.ም. ገዳሪፍ ደረሰ፤ ቤከር የጐደለ ያለው መጓጓዣ ተገኘ። በ1940ዎቹም በገዳሪፍ ጥቍር መሬት ላይ በትራክተር ማረስ ተጀመረ። ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት መሬት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ግራሩን ጠራርጎ ወሰደው። ይህ እርሻ የብዙ ሕዝብ እንጀራ ኾኗል፤ ለወቅት ሥራ ከጎንደርና ከትግራይ የወረደ ብዙ ሰው በልቶበታል። ነገር ግን ቤከር ያንን መሬት ሲያመሰግን በኑወረ ኤልያ ያየውን የአፈር ድካም አላነሣም። ዛፍ ያልተረፈለትና በየዓመቱ አንድ ዓይነት እህል የሚዘራበት የገዳሪፍ መሬትም ኋላ ምርቱ መቀነሱ አልቀረም። ሰቲትና አትባራ ከሚገጥሙበት ስፍራ በላይ በ2017 ዓ.ም. የተመረቁት የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች ውሃውን አቍረው ሐይቅ ሠርተዋል።

ከዚያ ታላቅ ዱር የተረፈው ወደ ደቡብ ነው። የሱዳን መንግሥት በ1935 ዓ.ም. በዲንደርና በራሃድ ወንዞች መካከል ያለውን አገር የአራዊት መጠበቂያ አድርጎ ከለለ። ከጠረፉ ወዲህ ደግሞ በቋራ በኩል የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽመልና ግራር የሞላበት ሜዳ ነው። አውራሪሱ ፈጽሞ ጠፍቷል፥ ቀጭኔም በዲንደር አይገኝም። ነገር ግን ቤከር በመነጽሩ ካየው ልማድ አንዱ አልተቋረጠም። ዝናብ በጀመረ ጊዜ የዲንደር ሜዳ ጭቃ ይኾናል፥ ዝንቡም ይነሣል፤ አራዊቱም ረግረጉን ትተው ከፍ ወዳለው፥ ደረቅ ወደ ኾነው መሬት ይወጣሉ፤ ከእነርሱም ጠረፉን ተሻግረው ወደ አላጥሽ የሚዘልቁ አሉ። ውሃው ሲጐድል ወደ ኩሬዎቹ ይመለሳሉ።